የወንድም ጋሼ ጀልባ በሊትር ስትለካ

ሰው የሚፈራውን መርጦ አይፈራም። አንድ ጎረቤታችን ጦር ሜዳ ውለው የተመለሱ ወታደር ናቸው፤ ዶሮ ይፈራሉ። ዶሮ ወደ በረንዳው ብቅ ካለች እግራቸውን ወንበር ላይ ይሰቅላሉ። እኔ ደግሞ ብዙ ነገር እፈራለሁ። ውሻ እፈራለሁ። ከፍ ያለ ደረጃ እፈራለሁ። ስሜ ስብሰባ ላይ ሲጠራ እፈራለሁ። ለሽልማት ቢሆን እንኳ የምፈራ ይመስለኛል፤ ለሽልማት ተጠርቼ ስለማላውቅ እርግጠኛ መሆን አልችልም። ጋሎን እፈራለሁ ብዬ ግን በሕልሜም አስቤ አላውቅም ነበር።

ጋሎን ምን ያስፈራል ትሉኝ ይሆናል። ጊዜውን አስታውሱልኝ። ደርግ ነው። ያኔ ሰላምታ ሞቅ አድርገህ ከሰጠህ «ምን ፈልጎ ነው?» ትባላለህ፤ ቀዝቀዝ ካደረግኸው «ምን አኩርፎ ነው?» ትባላለህ። ስለዚህ እኔ ለብ ያለ ሰላምታ ተለማምጄ ነበር። መስተዋት ፊት ቆሜ ነው የተለማመድኩት። እንዲህ ላለ ሰው ጋሎን ቢያስፈራ አይገርምም።

ከወንድሜ ልጀምር። ታላቅ ወንድሜ ግርማ፣ እኔ «ወንድም ጋሼ» የምለው፣ ዝዋይ ሐይቅ ላይ የመንግሥት ጀልባ ነጂ ነበር። ከደሴቶቹ ዓሣ ጭኖ ወደ ዳር ያመጣል። እሱ ምንም አይፈራም። ማዕበል አይፈራም፣ ጉማሬ አይፈራም፣ አለቃ አይፈራም። እናታችን «የሁለታችሁን ድፍረት አንዱ ጠቅልሎ ወስዶት ነው» ትል ነበር። በመጨረሻ የጣለችው ከጉማሬም ከአለቃም ያነሰች ነገር ናት። የወባ ትንኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆምኩ። ይቅርታ። እቀጥላለሁ።

መካኒሳ አቦ ቀበርነው። አርባው ከወጣ በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሊያጽናኑን ቤታችን መጡና እናቴን «ይሄኛው ልጅዎስ ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቋት።

«አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ይፈራል» አለቻቸው።

አዘኑላት መሰለኝ፣ በወንድሜ ምትክ እኔን ቀጠሩኝ። ጀልባ ላይ አይደለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ንፋስ ስልክ ካለው ዋናው ግቢ፣ ነዳጅ ቁጥጥር ክፍል። ጀልባዎቹ ሐይቅ ላይ ናቸው፤ ቁጥሮቻቸው ግን ንፋስ ስልክ ነው የሚኖሩት። እኔ ሐይቅ አይቼ አላውቅም። በየቀኑ ግን ስለ ሐይቅ እጽፍ ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ሽብሩ ይባላሉ። ቢሮ ውስጥ ጋሽ ሽብሩ፣ ኮሪደር ላይ ጓድ ሽብሩ። ስማቸው ቢያስፈራም እሳቸው በፍርሃት ከእኔ ይብሱ ነበር። ስልክ ሲጮህ ከማንሳታቸው በፊት ኮታቸውን ይቆልፋሉ። ሦስተኛዋ የቢሮው ሰው አስካለ ናት፤ ታይፒስት። እሷ ምንም አትፈራም፤ የምትፈራውን ያህል እኛ ሁለታችን ፈርተንላታል።

አሁን ስለ ጀልባዎቹ። ሁለት ናቸው። አንድ ቁጥሯ በንጉሡ ጊዜ ከእንግሊዝ አገር የመጣች ናት፤ እሷን ነው ወንድም ጋሼ የሚነዳው። ርቀት የሚለካው ሰዓቷ በማይል ነው፤ ናፍጣ የሚሰፈርበት ቆርቆሮዋም በጋሎን። ስለዚህ ወንድም ጋሼ ሁልጊዜ «በአንድ ጋሎን ይህን ያህል ማይል ሄድኩ» ብሎ ነው የሚያስታውቀው። ሲረከባት አምስት ማይል ትሄድ ነበር። ሞተሯን እያባበለ፣ ነፋስ እየጠበቀ፣ ያለ ቦታው ማስጮኽ ትቶ፣ ስድስት አስገባት። ናፍጣ በኩፖን በሚታደልበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መሥሪያ ቤቱም ወንድሜ ከሞተ በኋላ ኮከብ ሠራተኛ ሊለውና ፎቶግራፉን አዳራሹ ውስጥ ሊሰቅልለት ወሰነ። ቀኑ ተቆረጠ፤ እናቴም ተጠራች።

ሁለት ቁጥሯ ጀልባ በአብዮቱ ጊዜ ከወዳጅ አገር የመጣች ናት። የእሷ ነገር ሁሉ በሊትርና በኪሎ ሜትር ነው።

ፎቶግራፉ የሚሰቀልበት በዓል ሊደርስ ሲል ከላይ መመሪያ ወረደ። ማንኛውም መሥሪያ ቤት የነዳጅ ፍጆታውን በሊትር፣ ያውም ለመቶ ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር ተብሎ ብቻ እንዲያቀርብ። ጋሽ ሽብሩ የአንድ ቁጥሯን ጀልባ የሞተር መጽሐፍ ይዘው ወደ እኔ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ሂሳብ ተምረሃል። ይህን ጋሎን ወደ ሊትር ለውጠው።»

«የምን ጋሎን ነው፣ ጋሽ ሽብሩ? ጋሎን ሁለት ዓይነት ነው። የአሜሪካ አለ፣ የእንግሊዝ አለ።»

«ከሁለቱ የማይከሰሰው የትኛው ነው?»

መጽሐፉን ገለጥኩ። «ኢምፔሪያል ጋሎን ይላል» አልኳቸው።

ጋሽ ሽብሩ በሩን ዘጉ። ከዚያ መስኮቱን ዘጉ። ከዚያ አስካለን አዩዋት።

«እኔን ምን ያዩኛል? እኔ አልሰፈርኩበት!» አለች።

«ስንት ዓመት በዚህ ሰፍረናል?» አሉ ጋሽ ሽብሩ በሹክሹክታ። «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም እያልን፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ በኢምፔሪያል ጋሎን ናፍጣ እያደልን!»

«የንጉሠ ነገሥት ማለት ነው፣ የእንግሊዝ ንጉሥ...» ብዬ ላረጋጋቸው ሞከርኩ።

«ይባስ ብሎ ንጉሥ!» አሉና ተቀመጡ።

እኔም ተቻኩዬ ሂሳቡን ሠራሁ። አራት ሊትር ተኩል ገደማ አንድ ጋሎን ነው። ማይሉንም ወደ ኪሎ ሜትር ቀየርኩ። አምስት ማይል በጋሎን የነበረው ለመቶ ኪሎ ሜትር ሃምሳ ስድስት ሊትር ተኩል ሆነ። ስድስት ማይል የነበረው አርባ ሰባት ሊትር። ደስ አለኝ፤ ልክ ነው። ጀልባዋ ትንሽ ጠጥታ ብዙ ስለሄደች ሊትሩ ቀነሰ። የመጨረሻውን ቁጥር ሳሰፍር «አበጀህ፣ ወንድም ጋሼ» አልኩ፤ ድምፅ አውጥቼ መሆኑን ያወቅሁት አስካለ ቀና ብላ ስታየኝ ነው። ወደ ታይፗ ተመለሰች። ጥሩ ልጅ ናት።

ከዚያ በትልቅ ወረቀት ላይ መስመር ሠራሁ። የአንድ ቁጥር ጀልባ በቀይ፣ የሁለት ቁጥር በሰማያዊ። ቀዩ ከሃምሳ ስድስት ተነስቶ እያዘቀዘቀ አርባ ሰባት ላይ አንድ ነጥብ ላይ ቆመ። ሰማያዊው ከስልሳ ተነስቶ ወደ ሰባ ሁለት ወጣ። አዳራሹ ውስጥ ሰቀልኩትና ትንሽ ራቅ ብዬ አየሁት። በሕይወቴ የሠራሁት ከሁሉ የሚያምር ነገር መሰለኝ።

በበዓሉ ዋዜማ ጓድ ንጋቱ አዳራሹን ሊያዩ መጡ። ጓድ ንጋቱ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ናቸው። ክፉ ሰው ነበሩ አልላችሁም። እሳቸውም የሚፈሩት ሰው ነበራቸው፤ እሱም የሚፈራው ሰው ነበረው፤ እንዲህ እያለ የት እንደሚደርስ አላውቅም። ወረቀቱ ፊት ቆሙ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ።

«ይህ ቀዩ የማን ነው?»

«የአንድ ቁጥር ጀልባ ነው፣ ጓድ። የ... የወንድሜ።»

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ቀኝ፣ ጓድ።»

«ወደ ቀኝ?»

«ማለቴ ወደ ታች!»

«ወደ ታች» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ጠየቁኝ፤ «የስንዴ ምርታችን ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ላይ፣ ጓድ።»

«ሲሚንቶ?»

«ወደ ላይ።»

«ማንበብና መጻፍ የቻለው ሕዝብ?»

«ወደ ላይ፣ ጓድ።»

«ታዲያ አገር በሞላ ሽቅብ ሲወጣ ያንተ ወንድም ብቻ ቁልቁል የሚወርደው ለምንድን ነው?»

«ባነሰ ቁጥር እኮ ነው የሚሻለው፣ ጓድ።»

ይህን ካልኩ በኋላ ራሴው ሰማሁት። ባነሰ ቁጥር ይሻላል። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ አዳራሽ ውስጥ ተነግሮ አያውቅም። የግድግዳው መፈክር ሁሉ «ይብዛ፣ ይደግ፣ ይጨምር» ነው። እኔ ብቻዬን ቆሜ «ይነስ» አልኩ።

«ሌላም አለ» አሉ ጓድ ንጋቱ። «አምና ስድስት ነው ብላችሁ ለበላይ አካል እንዳስተላልፍ አድርጋችኋል። ዘንድሮ አርባ ሰባት ትሉኛላችሁ። ከስድስት አርባ ሰባት የገባ ነገር ደግሞ ወረደ ትሉኛላችሁ። ሥራው ከወረደ፣ የተሰጠው ናፍጣ የት ገባ?»

ጋሽ ሽብሩ አጠገቤ ነበሩ። ኮታቸውን ቆለፉ።

«ሟቹ ናፍጣ ይሸጥ ነበር ለማለት አይደለም» አሉ ጓድ ንጋቱ፤ «ለማለት አይደለም» ሲባል ማለት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። «ነገ ከበላይም እንግዳ ይመጣል። አንተ ወጥተህ ታስረዳለህ። ካሳመንክ ፎቶግራፉ ይሰቀላል። ካላሳመንክ ጉዳዩ እዚያው ይነሳል፤ ለሌላው መማሪያ ይሆናል።»

«እዚያው» ማለት እናቴ ፊት ማለት ነው።

ወደ ቤት በእግሬ ሄድኩ። በጎፋ በኩል ሳልፍ ከጀሞ ሣር ጭነው የመጡ አህዮች መንገዱን ሞልተውት ነበር፤ አንዷ ቆማ አየችኝ። እሷም ናፍጣው የት ገባ የምትለኝ መሰለኝ። ወንድም ጋሼን እኮ አውቀዋለሁ። ጉማሬ ቢያየው «ጌታዬ እለፍ» የሚለው ዓይነት ሰው ነው፤ ሌብነት ግን... ለእረፍት ሲመጣ ነጭ ጋዛችን እንዳያልቅ ፋኖስ ዝቅ የሚያደርግ ሰው ናፍጣ ይሸጣል? ይህን አውቃለሁ። እንዴት እንደምናገረው ግን አላውቅም። እኔ እኮ ሱቅ ገብቼ ክብሪት ለመግዛት እንኳ ምን እንደምል በር ላይ ቆሜ የምለማመድ ሰው ነኝ።

እናቴ ነጠላዋን አጥባ ዘርግታ ነበር።

«የእድሩ ሴቶች በሙሉ እንመጣለን ብለዋል» አለችኝ። «ጎረቤታችን ወታደሩም ይመጣሉ።»

«እማዬ፣ ብዙ ሰው ባይመጣ ጥሩ ነበር።»

«ለምን?»

«አዳራሹ... ወንበር የለውም።»

«እንቆማለን። ቆሜ አልቅሼለታለሁ፤ ስሙ ሲመሰገን ቆሜ መስማት ያቅተኛል?»

ፊቴን አየች፤ ግንባሬን ዳሰሰች።

«ምን ሆነሃል አንተ? ያመመህ ነገር አለ?»

«ጋሎን ነው፣ እማዬ።»

«የት ላይ ነው የሚያምህ?» አለችና ፌጦ ልታመጣ ተነሳች።

ፌጦውን ጠጣሁት። ለጋሎን አይሆንም።

ጠዋት ቢሮ ስገባ ግን ፊቴ በርቶ ነበር። መንገድ ላይ መላ መጥቶልኛል። ለመቶ ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር ከማለት፣ በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ብንልስ? ያው ሊትር፣ ያው ኪሎ ሜትር፤ ቁጥሩ ግን ሽቅብ ይወጣል! ከአንድ ነጥብ ስምንት ወደ ሁለት ነጥብ አንድ! እየሮጥኩ ለጋሽ ሽብሩ ነገርኳቸው።

ጋሽ ሽብሩ በጣቶቻቸው መቁጠር ጀመሩ።

«አምና ስድስት ነው ተብሎ ለበላይ ተላልፏል» አሉ። «ትናንት አርባ ሰባት አልክ። ዛሬ ሁለት ልትል ነው?»

«ግን እኮ አንድ ነው፣ ጋሽ ሽብሩ! ሦስቱም አንድ ናቸው!»

«እሱን ለእኔ አትንገረኝ። እኔ ልጆች አሉኝ።»

መመሪያውም እንደሆነ ለመቶ ኪሎ ሜትር ብሏል፤ ማንም ከመመሪያው አንዲት ቃል አያነቃንቅም። አስካለ ታይፗን ትታ ተነሳች።

«ሁለታችሁም ወንድ ናችሁ ይባላል!» አለች። «መስመሩ ቁልቁል ከሄደ ወረቀቱን ገልብጣችሁ ስቀሉት!»

ሄደን ገለበጥነው። እውነቷን ነው፤ የወንድሜ መስመር ወጣ። ግን ቁጥሮቹ በአናታቸው ቆሙ። እኔ አናት ላይ በትልቁ የጻፍኩት መፈክርም ወለሉ ጋ እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ተኛ። ጋሽ ሽብሩ ይህን ሲያዩ በእጃቸው ብቻ «መልሱት፣ መልሱት» አሉ። ስንመልሰው በጥድፊያ የመጨረሻዋን ነጥብ ስላበላሸኋት ከመፈክሩ ቀይ ቀለም ቀንሼ በላይዋ ላይ ሌላ ወፍራም ነጥብ አደረግሁ። ሕዝቡ መግባት ጀመረ።

እናቴ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ወንበር ነበረ። የእድሩ ሴቶች ከጎኗ፣ ወታደሩም ከኋላዋ። የወንድም ጋሼ ፎቶግራፍ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ተቀምጧል፤ ሊሰቀል ወይም ላይሰቀል።

ጓድ ንጋቱ ከፈቱ። በመጀመሪያ ሰማያዊውን መስመር አሳዩ። «ሁለት ቁጥር ጀልባን ተመልከቱ! ከስልሳ ወደ ሰባ ሁለት! ሽቅብ!» ሕዝቡ አጨበጨበ። የሁለት ቁጥሯ ነጂ ከዝዋይ መጥቶ መሐል ላይ ተቀምጦ ነበር። ጫማውን ያያል። ሰባ ሁለት ሊትር መጠጣት ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ ሁሉ ሰው እሱ ያውቃል፤ ሲያጨበጭቡለት አንገቱ ወደ ትከሻው ገባ።

«አሁን ቀዩን መስመር የሚያስረዳ አለ» አሉና ስሜን ጠሩ።

ከመቀመጫዬ እስከ ወረቀቱ እንዴት እንደደረስኩ አልነግራችሁም፤ አላስታውሰውማ። ረጅም ዘንግ እጄ ላይ ነበር። እናቴ በኩራት ፈገግ ብላ ታየኛለች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ጓዶች» አልኩ። «ይህ መስመር የወረደው... ስላልወረደ ነው።»

የእድሩ ሴቶች ተያዩ።

«ማለትም ወርዷል። ግን ሲወርድ ነው የወጣው። ለምሳሌ ነጭ ጋዝ...»

«ስለ ጀልባ ነው የተጠየቅከው» አሉ ጓድ ንጋቱ። ከበላይ የመጣው እንግዳ ሰዓቱን አየ። አንዲት የእድር ሴት እናቴን «ምን እያለ ነው?» ስትላት ሰማሁ። እናቴ «ቆይ፣ እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው» አለቻት።

አፌ ደረቀ። ቃል ሁሉ ጠፋኝ። ያኔ ስብሰባ ላይ ሰው ሲጠፋበት የሚያደርጋት አንድ ነገር ነበረች፤ የዘመኑ ሰው ያስታውሳታል። መፈክር ማሰማት። መፈክር ከተሰማ ሕዝቡ ግራ እጁን ሰቅሎ ይነሳል፣ ይመልሳል፣ ይቀመጣል፤ እስከዚያ ተናጋሪው ምራቁን ይውጣል። እኔም ልውጥ ብዬ መፈክር ፈለግሁ። የማውቃቸው ሁሉ ከጭንቅላቴ በረሩ። እነዚያን በየቀኑ የምንላቸውን! ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ነው፤ ሃምሳ ስድስት ላይ። ዘንጉን አነሳሁና ባለኝ ትንፋሽ ሁሉ ጮህኩ።

«ብክነት ይውደም!»

«ይውደም!» አለ ሕዝቡ ተነስቶ።

ዘንጉ ከብዶኝ እጄ ወረደ፤ መስመሩን ይዞ ወረደ። ምራቄን ግን አልዋጥኩም። ስለዚህ ደገምኩ።

«ብክነት ይውደም!»

«ይውደም!»

በሦስተኛው ጊዜ ገባኝ። ዘንጉን ሃምሳ ስድስት ላይ አደረግሁና፣ አሁን አውቄ፣ በቀዩ መስመር ላይ ቁልቁል እየጎተትኩ «ብክነት!» አልኩ። ሕዝቡ ዘንጉን በዓይኑ ተከትሎ አርባ ሰባት ላይ ሲደርስ «ይውደም!» አለ። እናቴ ከሁሉ በላይ ጮኸች። ወታደሩ እግራቸውን አጋጩ። ጓድ ንጋቱም ግራ እጃቸውን ሰቅለዋል፤ መፈክር ሲሰማ እጅ አለመስቀል አይቻልማ። እጃቸው እንደተሰቀለ ወረቀቱን አዩት። ቁልቁል የሚሄደውን አዩት። «ይውደም» ያለው የገዛ አፋቸው ነው፤ ያውም እንግዳው ፊት።

ቀስ ብለው እጃቸውን አወረዱ።

«ጓድ ግርማ ለመቶ ኪሎ ሜትር ከዘጠኝ ሊትር በላይ ናፍጣ አድኗል» አልኩ። ሳልንተባተብ መናገሬ አስደነገጠኝ። «ቁጥሩ የወረደው ብክነቱ ስለወረደ ነው። አምና ስድስት የተባለውም ይኸው ነው፤ መለኪያው ነው የተቀየረው።»

«እኔም ከመጀመሪያው ያልኩት ይህንኑ ነው» አሉ ጓድ ንጋቱ ወደ እንግዳው ዞረው።

እዚህ ላይ ብጨርስላችሁ ደስ ባለኝ። ግን የጓድ ንጋቱ ዓይን ከቀዩ ወደ ሰማያዊው ሄደ። ብክነት ቁልቁል ከሄደ፣ ሽቅብ የሚሄደው ምንድን ነው?

«እንግዲያስ» አሉ፣ «የሁለት ቁጥሯ ናፍጣ የት ገባ?»

ቅድም ያጨበጨቡት ሁሉ ዞረው ነጂውን አዩት። እሱ ተነሳ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም። ያንን ፊት አወቅሁት። ትናንት እኔ ይዤው ወደ ቤት የሄድኩት ፊት ነው። ፍርሃት ከእኔ ተነስቶ እሱ ወንበር ላይ ተቀመጠ እንጂ ከአዳራሹ አልወጣም። እኔ ግን ነጻ ወጥቻለሁ፤ ተራዬን ጨርሻለሁ። ዘንጉን አስቀምጬ መቀመጥ ነበረብኝ። ለምን እንዳልተቀመጥኩ እስካሁን አላውቅም።

«ጓድ» አልኩ። «ሁለት ቁጥሯ ብዙ የጠጣችው ብዙ ስለተጫነች ነው። ወንድሜ ከታመመ ጀምሮ አንድ ቁጥር ቆማለች። የእሱንም ዓሣ የሚያመላልሱት እኚህ ነጂ ናቸው። ባዶ ጀልባና የሞላ ጀልባ እኩል አይጠጡም። መስመሩ ጭነቱን አያሳይም።»

ጓድ ንጋቱ እንግዳውን አዩ። እንግዳው ሰዓቱን አየ። ምሳ ደርሷል።

«ተመዝግቧል» አሉ ጓድ ንጋቱ። ማንም ሲመዘግብ ግን አላየሁም። ነጂው ተቀመጠ። ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማ ነበር።

ፎቶግራፉ ተሰቀለ። ወንድም ጋሼ ጀልባው ላይ ቆሞ ፀሐይ ስለወጋችው ዓይኑን ጨፍኗል። እልል ተባለ። እናቴ አላለቀሰችም። ሕዝቡ ሲወጣ እኔን ክንዴን ይዛ ወረቀቱ ጋ ሄደች። ማንበብ አትችልም፤ የፊደል ትምህርቱን በወንድም ጋሼ ሕመም ምክንያት አቋርጣዋለች።

«ግርማ የትኛው ነው?»

መስመሩን ከላይ ጀምሬ አሳየኋት። «ይሄ ሲጀምር ነው። ይሄ መሐሉ። ይሄ መጨረሻው።»

«ከዚህ በኋላስ?»

«ከዚህ በኋላ የለም፣ እማዬ።»

ነጥቧን በጣቷ ነካቻት። የመፈክር ቀለም ዘይት ነው፤ ቶሎ አይደርቅም። ጣቷ ቀይ ሆነ። መሃረቤን አውጥቼ ልጠርግላት ስል እጇን ሸሸገችብኝ።

ወደ ቤት በውይይት ታክሲ ሄድን፤ ያ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተፋጥጦ የሚቀመጥበት ታክሲ። እናቴ ቀለሙ ነጠላዋን እንዳይነካ፣ ነጠላዋም ቀለሙን እንዳይጠርገው፣ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ ያዘች። ትንሽ እንደሄድን ረዳቱ አያትና ጣሪያውን መታ። ታክሲው ቆመ።

«እማማ፣ ይውረዱ!»

«እኔ አልወርድም።»

ሄድን። ጎፋ ስንደርስ ጣቷን እንደገና አያት፤ እንደገና መታ።

«እማማ፣ እዚህ ነው?»

«አልወርድም አልኩህ እኮ፣ ልጄ!»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ እጅዎን ያነሳሉ!»

ተሳፋሪው ሳቀ። ፊት ለፊቷ የተቀመጡት አንድ ሽማግሌ «እሷስ ምን ታድርግ፣ ስብሰባ ለምዳ ነው» አሉ። ሁሉም ይበልጥ ሳቀ፤ ከዚያ ምን ላይ እንደሳቀ አስታወሰና በአንድ ጊዜ ዝም አለ። እኔም የተናገሩትን ሰውዬ ሳላይ መስኮቱን አየሁ። ታክሲው ውስጥ ሞተሩ ብቻ ይሰማ ነበር።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ እናቴ ሳቀች። ብቻዋን፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። ወንድም ጋሼ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ መስማቴ ነው። እንባዋ መጣ፤ በሌላኛው እጇ ጠረገችው። ጣቷን ግን አላወረደችም።